«አክተር አይሞትም» ያለው ማነው?

እኛ ሰፈር አንድ ሲዲ ቤት ነበር። የህንድ ፊልም፣ የአማርኛ ፊልም፣ ክሊፕና ሬስሊንግ ያከራያል። ታላቅ ወንድሜ ከሬስሊንጉ ሌላ ተከራይቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ የእሱ ጭራ ስለነበርኩ እሱ ያየውን እያየሁ አደግኩ። አባታችን ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆም ይልና «እናንተ ልጆች፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» ይለናል። ወንድሜ ይበግናል። «ደሙስ አባዬ? ደሙም ውሸት ነው?» አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ አስር ደቂቃ ቆሞ ያያል። እናታችን ከጓዳ ሆና «ውሸት ከሆነ ምን አስቆመህ?» ትለዋለች።

ይህ ክርክር እኛ ቤት እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

የሲዲ ቤቱ ባለቤት ግን ለእኛ ከዳኛም በላይ ነበር። ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን በማን ላይ ቂም እንደያዘ አንድ በአንድ ያውቃል። ሲዲውን ከመስጠቱ በፊት ታሪኩን ይነግረናል። «አይዟችሁ፣ አክተር አይሞትም» ይለንና ይሸኘናል። የነገረን ግማሹ የራሱ ፈጠራ እንደነበር የደረስኩበት ካደግኩ በኋላ ነው። ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሜሪካ የሬስሊንግ ሽማግሌዎች ነው። ካረጁ በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለው ስላወሩት ወሬ፣ ያ ወሬም እንዴት የአንድ ሙያ ታሪክ ሆኖ እንደቀረ። (በነገራችን ላይ «ታጋይ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ሸሽቼዋለሁ። እኛ አገር ታጋይ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው በረሃ የገቡትን ነውና ሬስለር እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ሕግ ዝምታ

ሬስሊንግ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ ከሚዞሩ የካርኒቫል ትርዒቶች ጋር አብሮ ያደገ ሙያ ነው። አሸናፊው ቀድሞ የታወቀ ነው። ጥሉም ዕርቁም ታቅዶ የሚመጣ ነው። ህመሙ ግን የምር ነው፤ ወገብ ይሰበራል፣ ጉልበት ይወልቃል። ባለሙያዎቹ ይህን ምስጢር የሚጠብቁበትን ደንብ «ኬይፌብ» ይሉታል። ባጭሩ ሲተረጎም፣ ከሪንግ ውጪም ቢሆን ገፀ ባህሪህን አትጣል ማለት ነው። ክፉውን የሚጫወት ሰው ደጉን ከሚጫወተው ጋር ሰው ፊት አብሮ አይበላም፣ በአንድ መኪና አይሄድም። ከገዛ ቤተሰባቸው ሳይቀር የደበቁ ነበሩ።

ደንቡ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር ለማወቅ የ1975ቱን አደጋ ማየት ይበቃል። ኦክቶበር 4 ቀን ከሻርሎት የተነሳች ትንሽ ሴስና አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሳ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዊልሚንግተን አጠገብ ወደቀች። ተሳፋሪዎቹ የሬስሊንግ ሰዎች ነበሩ። ያኔ ገና የ26 ዓመት ወጣት የነበረው ሪክ ፍሌየር ወገቡ ተሰበረ። ጆኒ ቫለንታይን ከዚያች ቀን በኋላ ሪንግ ውስጥ ገብቶ ተጋጥሞ አያውቅም። አብራሪው በጉዳቱ ምክንያት ኋላ ላይ ሞተ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ቲም ዉድስ ይባላል። «ሚስተር ሬስሊንግ» በሚል ስም፣ ጭምብል አጥልቆ የሚጫወት ደግ ገፀ ባህሪ ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደጉ ሚስተር ሬስሊንግ ከክፉዎቹ ጋር በአንድ አውሮፕላን ምን ይሠራል?

ሰውየው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብቶ እንኳ ያስጨነቀው ይኸው ነበር። የትውልድ ስሙን ሰጠ። ሥራህ ሲባልም ሬስለር ሳይሆን ፕሮሞተር ነኝ አለ። ከዚያም አካሉ በቅጡ ሳይጠገን ወደ ሪንግ ተመለሰ። ተመልካቹ «ይኸው ደህና ነው፣ አውሮፕላኑ ውስጥ አልነበረም» እንዲል ነው። የሙያ ጓደኞቹ ይህን እንደ ጀግንነት ይቆጥሩለታል። በእነሱ አነጋገር ሥራውን ያዳነው እሱ ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር የነገሩን ሌላ ነበር። ሰው ይረሳል፣ ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት ግን ይናገራል፤ ስለዚህ ከሰው ወሬ በፊት ሰነድ ፈልጉ ተባልን። የዉድስን ታሪክ ሳነብ ትምህርቱ ተገለባበጠብኝ። በሰዓቱ ለመዝገብ የተሰጠው ቃል ሐሰት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሽማግሌዎቹ ያወሩት ወሬ እውነት ነው። ሰነዱን ብቻ ይዞ የሚቀር የታሪክ ፀሐፊ ኬይፌብን ሳያውቀው እያስከበረ ነው ማለት ነው።

ደንቡን የጣሰስ? በ1987 ሁለት «ደመኛ ጠላቶች»፣ ጂም ደገንና አይረን ሺክ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ መኪና አብረው ሲጓዙ ፖሊስ አስቆማቸው፤ አደንዛዥ ዕፅም ተገኘባቸው። ዜናው ወጣ። ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ። የሙያው ሰዎች ያንን ቀን ሲያነሱ ከዕፁ እኩል፣ እንዲያውም ከዕፁ አስበልጠው የሚያወሩት አብረው መገኘታቸውን ነው።

ካሴቱ የት ገባ?

«ወሬውን ተይው፣ ቪዲዮው የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እሱም ሌላ ጣጣ አለው።

በ1948 አዮዋ ግዛት ዋተርሉ ከተማ የሬስሊንግ አዘጋጆች ተሰብስበው «ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ» የሚባል ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ አገሩን እንደ ጉልት ተከፋፈሉት። ሴንት ሉዊስ የአንዱ፣ ፍሎሪዳ የሌላው፣ ቴክሳስ የሌላው። አንዱ የአንዱን ድንበር አይነካም። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት «ይህ ገበያ መቆጣጠር ነው» ብሎ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶ በ1956 በስምምነት ተዘጋ። ጉልቱ ግን በልዩ ልዩ መልኩ እስከ 1980ዎቹ ዘለቀ። ሬስለሩ እንደ አዝማሪ ከአንዱ ጉልት ወደ ሌላው ይዞራል፤ እዚህ ከተማ የተወደደው እዚያ ከተማ ሲደርስ የተጠላ ይሆናል። ተመልካቹም አያውቅም፤ የሌላውን ክልል ቴሌቪዥን አያይማ።

እያንዳንዱ ጉልት የራሱ ሳምንታዊ ፕሮግራም ነበረው። ለምሳሌ «ሬስሊንግ አት ዘ ቼዝ» የተባለው ከሴንት ሉዊስ ቼዝ ሆቴል አዳራሽ ስሙን ያገኘ ዝግጅት ከ1959 እስከ 1983 በከተማው ጣቢያ ተላልፏል። ሃያ አራት ዓመት! አብዛኛው ግን ዛሬ የለም። ካሴት ውድ ስለነበር በላዩ ላይ ሌላ ነገር ይቀዱበት ነበር። አልፈርድባቸውም። የአክስቴ የሰርግ ካሴት ላይ የኳስ ጨዋታ ተቀድቶበት ቤተሰቡ እስካሁን ይወቃቀስበታል። ሰው የዛሬው ፕሮግራም ነገ ታሪክ ይሆናል ብሎ አያስብም።

ከዚያ የጉልቱ ዘመን አበቃ። በ1982 ቪንስ ማክማን የኒው ዮርኩን ኩባንያ ከአባቱ ገዛ። ድንበር የሚባለውን ሁሉ ጥሶ በየሰው ጉልት ገባ። ማርች 1985 የመጀመሪያውን ሬስልማኒያ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ አዘጋጀ። ትንንሾቹ ኩባንያዎች አንድ በአንድ ወደቁ። በ2001 ትልቁን ተቀናቃኙን ደብሊው ሲ ደብሊውንም ገዛ። ከዚያ የሞቱትን ኩባንያዎች የተረፈ ካሴት መሰብሰብ ጀመረ። የሚኒያፖሊሱ፣ የዳላሱ፣ የፍሎሪዳው፣ ኋላም በ2012 የቢል ዋትስ ሚድ ሳውዝ ካሴቶች ሁሉ ወደ አንድ መጋዘን ገቡ። ድል አድራጊው የተሸናፊዎቹን ትዝታ በካርቶን ተረከበ።

ጠረጴዛው

ዝምታውም እየላላ ነበር። በ1989 የማክማን ኩባንያ ሰዎች ኒው ጀርሲ ውስጥ ለሕግ አውጪዎች «የእኛ ሥራ መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም» ብለው ተናገሩ። ምክንያቱ የሚያስቅ ነው፤ ስፖርት ከሆነ የስፖርት ቁጥጥርና ግብር አለበት። ለመቶ ዓመት ገደማ በጥርስ የተያዘ ምስጢር በግብር ምክንያት ወጣ። በ1999 ደግሞ ሚክ ፎሊ የራሱን የሕይወት ታሪክ በገዛ እጁ ጽፎ የኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር አናት ላይ ወጣ። ሕዝቡ ምስጢሩን ሲያውቅ ይጠላዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ጭራሽ ተጨማሪ ጠየቀ።

በኖቬምበር 2004 ኩባንያው «ደብሊው ደብሊው ኢ 24/7» የተባለ፣ የድሮ ግጥሚያዎችን በኬብል የሚያሳይ አገልግሎት ከፈተ። ግን የድሮ ካሴት ብቻውን ዲዳ ነው። ስሙን የማታውቀው ሰው፣ ምክንያቱን የማታውቀው ጥል፣ ሕዝቡ ለምን እንደሚጮህ የማይገባህ ጩኸት ይሆንብሃል። አስረዳጅ ያስፈልጋል። አስረዳጆቹ ደግሞ አርጅተዋል እንጂ አሉ። የሽማግሌዎቹ የክብ ጠረጴዛ ውይይት፣ ኋላ «ሌጀንድስ ኦቭ ሬስሊንግ» የተባለው፣ የተወለደው ከዚህ ፍላጎት ነው። ጂን ኦከርለንድ ወይም ጂም ሮስ ይመሩታል። ደስቲ ሮድስ፣ ፓት ፓተርሰን፣ ማይክል ሄይስ፣ ማይክ ግራሃም፣ ጄሪ ሎለርና ሌሎችም በየተራ ይቀመጡበታል። ርዕስ ይሰጣቸዋል፤ ስለ ጥንድ ቡድኖች፣ ስለ ማናጀሮች፣ ስለ አንድ ዘመን። ከዚያ ያወራሉ።

የዚህ ዓይነቱ ውይይት ጉልበቱ ከአንድ ለአንድ ቃለ መጠይቅ ይለያል። ብቻውን የተጠየቀ ሰው የተለማመደውን ታሪክ ይነግርሃል። ያንኑ ቀልድ፣ ያንኑ ድል። እዚያው አጠገቡ የነበረ ሰው ከተቀመጠ ግን ነገር ይለወጣል። አንዱ ሲያጋንን ሌላው ይስቃል፤ አንዱ ስም ሲጠፋበት ሌላው ያቀብለዋል፤ አንዱ «እኔ ነኝ» ሲል ሌላው ቅንድቡን ያነሳል። የለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሰማችሁትን አስቡ። የሟቹ ትክክለኛ ታሪክ ያለው በተነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ አይደለም፤ ማታ ላይ ጓደኞቹ እየተቋረጡ የሚያወሩት ውስጥ ነው።

ለምሳሌ ፍሎሪዳን ውሰዱ። ማይክ ግራሃም አባቱ ኤዲ ግራሃም የዚያን ጉልት ሥራ ለዓመታት የመራ ሰው ነበር። ደስቲ ሮድስ ደግሞ በ1970ዎቹ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ የሕዝብ ልጅ ሆኖ የገነነ ኮከብ ነው። ስለዚህ ስለ አንዱ አዳራሽ ሲነሳ አንደኛው እንደ ጌታው ልጅ፣ ሁለተኛው እንደ ተከፋይ ያስታውሳል። የገቢውን ሂሳብ የሚያዩበት ዓይን ይለያያል። የታሪክ ተማሪ የሚፈልገው ያንን ልዩነት ነው።

ወይም ዳላስን ውሰዱ። በ1982 የገና ዕለት ቴሪ ጎርዲ የብረት አጥሩን በር ኬሪ ቮን ኤሪክ ጭንቅላት ላይ ዘጋው። ቴክሳስን ለዓመታት ያጋጋለው ጥል ከዚያች በር ተነሳ። ኬሪ በ1993፣ ጎርዲ በ2001 ሞቱ። የዚያን ዕለት አጥሩ ውስጥ የነበረው ማይክል ሄይስ ግን ጠረጴዛው ላይ አለ። ካሴቱ በሩ ሲዘጋ ያሳየናል። ለምን እንደተዘጋ፣ ማን እንዳሰበው፣ ቀጥሎ በየከተማው ምን እንደተከተለ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

የውሸታም ምስክርነት

አሁን ወደ አባዬ ጥያቄ እንመለስ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከፈላቸው እያስመሰሉ ነው። ታዲያ ስናምናቸው ምን ነካን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ማርች 29 ቀን 1987 በፖንቲያክ ሲልቨርዶም የተካሄደውን ሬስልማኒያ 3 አስቡ። ኩባንያው 93,173 ሰው ገብቷል ይላል። ሙያውን ለአሥርት ዓመታት የዘገበው ጋዜጠኛ ዴቭ ሜልትዘር ደግሞ ወደ 78,000 ገደማ ነው ብሎ ይከራከራል። ያንን ቀን ሆልክ ሆገን ግዙፉን አንድሬን አንስቶ ሲጥለው «አንድሬን ያነሳ ሰው የለም» ተብሎ ተሸጠ። ነገር ግን አንድሬ ከዚያ በፊት በሌሎች ተነስቶ ወድቋል፤ ራሱ ሆገንም በ1980 ሺያ ስታዲየም ውስጥ አንስቶታል። ሽማግሌዎቹ ይህን ያውቃሉ። አንዳንዴ ግን የተሸጠውን ታሪክ ደጋግመው ከመናገራቸው የተነሳ የሆነውን ይረሱታል። ሌሎችን ለማታለል የለመደ አፍ ራሱንም ያታልላል።

እኔ የደረስኩበት ዘዴ ቀላል ነው። ትኬት የሚሸጥበትን ወሬ እጠራጠራለሁ፤ ትኬት የማይሸጥበትን አምናለሁ። «እኔ ስገባ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ» ካለ አልጽፈውም። «ለዚያ ምሽት የተከፈለኝ ለቤንዚን አልበቃኝም» ካለ እጽፈዋለሁ። በማን መኪና እንደሄዱ፣ የት ሞቴል እንዳደሩ፣ ደም ለማፍሰስ ምላጩን የት እንደሚደብቁ፣ ይህን ለማጋነን ምክንያት የለም። ከዚያ ደግሞ ሰነድ አለ፤ ሰነድን ያቃለልኩ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌዎቹ የድሮ አዘጋጆችን እንደ አባት ሲያሞግሱ እሰማለሁ፤ የ1956ቱ ፋይል ግን እነዚያው አባቶች ተስማምተው ገበያውን እንዴት እንደዘጉ ይናገራል። ቲም ሆርንቤከር በ2007 ያሳተመው የአሊያንሱ ታሪክ የቆመው ባብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ነው። ወሬውና ወረቀቱ ሲጋጩ ነው ታሪክ የሚጀምረው።

ጠረጴዛው የማን ነው?

ሌላም ነገር አለ። ጠረጴዛውን የዘረጋው፣ ካሜራውን የገዛው፣ ያልወደደውን የሚቆርጠው አንድ ኩባንያ ነው። በተሸነፉት ኩባንያዎች ላይ የሚፈርደው ያሸነፈው ነው። በጁን 2007 ክሪስ ቤንዋ ባለቤቱንና ትንሽ ልጁን ገድሎ ራሱን ካጠፋ በኋላ ስሙ ከኩባንያው ወሬ ሁሉ ወጣ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ማንም ገዳይን እንዲያወድሱ አይጠብቅም። ግን ስሙን መሰረዝና የሆነውን መርምሮ መናገር ይለያያሉ። በ2021 የኩባንያው ቪዲዮዎች አሜሪካ ውስጥ ወደ ፒኮክ ሲዛወሩ የዘረኝነት ይዘት ያላቸው ትዕይንቶች ተቆርጠዋል፤ በ1990 ሮዲ ፓይፐር ግማሽ ሰውነቱን ጥቁር ቀብቶ የወጣበት አንዱ ነው። አሳፋሪ ነው። አሳፋሪነቱን የምናስተምርበት ማስረጃም እሱ ነበር።

ስለዚህ ከኩባንያው ጠረጴዛ ውጪ የተዘረጉት ጠረጴዛዎች ያስፈልጋሉ፤ በየሆቴሉ ክፍል የተቀዱት ቃለ መጠይቆች፣ ፖድካስቶቹ፣ ከ2019 ጀምሮ የወጣው «ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሪንግ»። የብሩዘር ብሮዲ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። ብሮዲ በጁላይ 1988 ፖርቶሪኮ ባያሞን ውስጥ፣ በስታዲየሙ መታጠቢያ ክፍል በስለት ተወግቶ ሞተ። የተከሰሰው የሙያ ባልደረባው ራሱን ለመከላከል ነው ብሎ ተከራክሮ በ1989 በነፃ ተለቀቀ። በዚያ ምሽት እዚያ የነበሩት ቶኒ አትላስና ደች ማንቴል ፍርድ ቤት ቀርበው አልመሰከሩም። የምስክርነት መጥሪያው የደረሳቸው ችሎቱ ካበቃ በኋላ እንደነበር ተናግረዋል። ዳኞቹ ያልሰሙትን ቃል እኛ ከዓመታት በኋላ በቪዲዮ ሰማነው። ፍርዱን አይለውጥም። ግን ቃሉ ከባለቤቶቹ ጋር አብሮ አልተቀበረም።

ያልተጋበዙት

የክብ ጠረጴዛውን ክፍሎች እያየሁ አንድ ነገር ቆጠርኩ። ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ። የሴቶቹ ታሪክ ለረጅም ጊዜ በአንዲት ሴት ስም ብቻ ይነገር ነበር፤ በፋቢዩለስ ሙላ። ሙላ በ2007 ከሞተች በኋላ ያሰለጠነቻቸው ሴቶችና ቤተሰቦቻቸው «ገንዘባችንን ትቆርጥ ነበር፣ ትበዘብዘን ነበር» የሚሉ ክሶችን በሰፊው አሰሙ። ኩባንያው ግን በ2018 የሴቶችን የሬስልማኒያ ግጥሚያ በስሟ ሊሰይም ተነሳ። ተመልካቹ ጮኸ፤ ስፖንሰሩም ቅር አለው፤ ስሙ በቀናት ውስጥ ተነሳ። ተመልካቹ እንዲጮህ ያደረገው የእነዚያ ሴቶች ወሬ ነው። የጠረጴዛው ወንዶች ካልነገሩን ወሬ ነበር።

ከዚህም በፊት ኤተል ጆንሰን፣ ባብስ ዊንጎና ማርቫ ስኮት የሚባሉ እህትማማቾች ነበሩ። በ1950ዎቹ፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ምግብ ቤት መቀመጥ በማይችልበት አሜሪካ፣ እነዚህ ጥቁር ሴቶች ሪንግ ውስጥ እየተጋጠሙ አዳራሽ ይሞሉ ነበር። ሥራቸውን ሲያቆሙ ማንም ማይክሮፎን ይዞ አልመጣም። ኋላ ላይ የኦሃዮው ጋዜጠኛ ክሪስ ቡርኒያ ያረጁትን ጥቁር ሴት ሬስለሮች በየቤታቸው ፈልጎ ዘጋቢ ፊልም ሠራባቸው። ኤተል ጆንሰን በሴፕቴምበር 2018 አረፈች። ኩባንያው በዝና አዳራሹ ስሟን ያሰፈረው በ2021 ነው። ጋዜጠኛው ደረሰባት። አዳራሹ አልደረሰባትም።

ይህን ሳነብ፣ እውነት ለመናገር፣ ቀናሁ። ሙያዬ ይሄ ነው ብዬ የተመረቅኩት ለዚህ ዓይነት ሥራ ነበር።

ወንበሮቹ ባዶ ሲሆኑ

ዛሬ እነዚያን ክፍሎች የሚያይ ሰው የሚያየው ሁለት ፊልም ነው። አንዱ ስለ ሞቱ ሰዎች ያወራል። ሁለተኛው የሚያወሩትን ራሳቸውን ያሳያል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የሉም። ማይክ ግራሃም በ2012 አረፈ። ደስቲ ሮድስ በጁን 2015፣ በ69 ዓመቱ። ጂን ኦከርለንድ በጃንዋሪ 2019። ፓት ፓተርሰን በዲሴምበር 2020። አይረን ሺክ በ2023፣ ሆልክ ሆገን በጁላይ 2025። የሬስለር ዕድሜ አጭር ነው፤ ጉዳቱ፣ መድኃኒቱ፣ መንገዱ። ኩባንያዎች እንደ ተቋራጭ እንጂ እንደ ሠራተኛ ስለማይቀጥሯቸው አብዛኞቹ የጡረታ ደሞዝ የላቸውም። በ1965 የተመሠረተው «ኮሊፍላወር አሊ ክለብ» የተባለው የአንጋፋዎች ማኅበር በየጊዜው እያገናኘ ያቀፋቸዋል፤ የተቸገረውንም ይረዳል። ስብሰባው ላይ መቅጃ ይዞ የሚሄድ ሁሉ ታሪክ እያዳነ ነው።

ጠረጴዛው ፍጹም አልነበረም። ውሸት አለበት፣ ባለቤት አለው፣ ያልተጠሩ አሉት። ግን ፍጹም ጠረጴዛ እስኪገኝ ቢጠበቅ ኖሮ የሚያወራ አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ ሲዲ ቤቱ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ «በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ሰው ቀርፃችሁ አምጡ» የሚል ሥራ ተሰጠን። ወዲያው የመጣልኝ እሱ ነው። እንግሊዝኛ ሳይችል ያንን ሁሉ ታሪክ ከየት አመጣው? ሲዲዎቹን ከየት ነበር የሚያስመጣው? የፈጠረልንን ለምን ፈጠረው? አሥራ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ክረምቱ ገባ፣ ነገ ነገ አልኩ። ስሄድ ሱቁ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል። በረንዳው ላይ የቆመው ልጅ «እሱማ ካረፈ ቆየ» አለኝ። ለትምህርት ቤቱ የሌላ ሰው ታሪክ ሠራሁ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁበት። ጥያቄዎቹ ደብተሬ ላይ አሉ።

ባለፈው እሁድ ቡና ሲፈላ ስልኬን ረከቦቱ ጥግ አስቀምጬ ከፈትኩት። «አባዬ፣ ውሸት ነው እያልክ ለምን ቆመህ ታይ ነበር?» አልኩት።

«ማን እንዳሸነፈ ላይ ነዋ» አለ።

«ውሸቱን ነው» አለች እናቴ። «አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም። እናንተን ነበር የሚያየው።»

ወንድሜ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም፤ አልካደምም። ሦስቱንም ቀድቻለሁ።